የእሷ ዲዩቲ፣ የእኔ ሌሊት

ሐኪሞች ሆስፒታል የሚያድሩበትን ተራ ዲዩቲ ይሉታል። ቃሉን ቡራዩ ወዳለው ቤታችን ያመጣችው እህቴ ናት። አባታችን ሌሊት እየተነሱ፣ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ወደ ግቢው በር መሄድ ሲጀምሩ እኔና እሷ ተራ ገባን። አንዱን ሌሊት እሷ፣ አንዱን ሌሊት እኔ። እራት ላይ "ዛሬ ዲዩቲ ማነው?" ትላለች፤ ተራው የእኔ ከሆነ ፍራሼን አባባ መኝታ ክፍል በር ላይ አነጥፋለሁ። ሲወጡ እንዲረግጡኝ ነው። ካልረገጡኝ አልነቃም።

አባባ መርካቶ ውስጥ ለረጅም ዘመን የመኪና መለዋወጫ ሲሸጡ ኖረዋል። ሱቁ ከተሸጠ ቆይቷል፤ በእሳቸው ሐሳብ ግን አልተሸጠም። ሌሊት የሚነሱት ሊከፍቱት ነው። "ረፍዷል እኮ፣ ሰው በር ላይ ቆሟል" ይላሉ። መልሶ ለማስተኛት መከራከር አያስፈልግም፤ አጠገባቸው ተቀምጦ ስለ ዕቃው እያወሩ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው መጠበቅ ነው። ይህን ከእኔና ከእህቴ በቀር ከማንም አይቀበሉም። አንድ ጊዜ የሚያድር ሰው ቀጥረን ነበር። አባባ ሌባ መስሏቸው ከዘራቸውን አንስተው ጮኹ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ዱላ ይዞ ወጣ፤ ሰውዬው ጫማውን እንኳ ሳያደርግ በአጥር ዘሎ ሄደ። ጫማውን በማግስቱ ወሰድኩለት። ተመለስ ብዬ አልለመንኩትም።

ቀን ቀን ችግር የለም። ከደቡብ የመጣች፣ ባሏ ግንባታ ላይ የሚሠራ ሴት ከእሳቸው ጋር ትውላለች። ስትሠራ መዝሙር ትዘምራለች። አባባ ደግሞ አጥባቂ ኦርቶዶክስ ናቸው።

"ይቺ ሴት ቤቴን የጴንጤ ጉባኤ አደረገችው!" ይሏታል።

"አባባ፣ እጅዎ እኮ እያጨበጨበ ነው" ትላቸዋለች።

"እጄ አርጅቷል፣ አይሰማኝም።"

ሲመሽ ግን የመዘምራን ልምምድ አላት፤ ልጆችም አሏት። ከመጨለሙ በፊት ከእኛ አንዳችን ቤት መድረስ አለብን። ስለዚህ እህቴ የማትኖርበት ሌሊት ሁሉ የእኔ ነው፤ እኔ የማልኖርበት ሁሉ የእሷ። ከዚህ ውጭ ማንም የለም።

እሷ ያን ጊዜ የምትሠራው ሱሉልታ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነበር። ሄዳ ትመለሳለች። ጉልበታቸውን የታመሙ ሯጮች ስለሚበዙባት ቤት ስትገባ የማሻሻ ቅባት ትሸታለች። እኔ ቡራዩ ውስጥ የተቃጠሉ የኤሌክትሪክ ሞተሮችን ሽቦ እንደገና የምንጠቀልልበት ወርክሾፕ አለሁ። ኮሌጅ አልገባሁም። ስለ ማሽን መቆጣጠሪያ ሳጥኖች የማውቀውን ያወቅኩት ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ የተጣለ ሳጥን እየገዛሁና እየፈታሁ ነው። አንድ ጊዜ ያልገባኝን ነገር እስኪገባኝ ደጋግሜ ስለማይ እህቴ "ኢንጂነር" እያለች ታሾፍብኛለች።

ሰበታ የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚያመርት ፋብሪካ አለ። ሞተራቸውን ለእኛ ስለሚሰጡ እየሄድኩ እገጥምላቸው ነበር፤ ከዚያ ሳጥኖቹንም ማየት ጀመርኩ። የጥገናው ኃላፊ ሠራተኛው ሁሉ ኦቦ እያለ የሚጠራቸው ትልቅ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ሥራ ጨርሼ እጄን ስታጠብ መጡና በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቁኝ።

"አከም ጅርታ፣ ልጄ?"

"ነጋ፣ ኦቦ።"

"ቋሚ ላደርግህ ነው። ከእንግዲህ እንግዳ አትሁን። ፈረቃ ትገባለህ፤ ሁለት ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት።"

"ሌሊቱን መተው ይቻል ይሆን?"

"ማሽኑን ጠይቀው። ቀን ብቻ ነው የምበላሸው ካለ እኔ ምን ቸገረኝ!"

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። አስብበት አሉኝ፤ ግን ለዓመታት አይጠብቁም፤ ዲፕሎማ ይዘው በር ላይ የሚቆሙ ልጆች ብዙ ናቸው። እኔን ከዚያ በፊት ማንም "ቋሚ" ብሎኝ አያውቅም። ወርክሾፑ ውስጥ የሚመጣልኝ የሞተ ሞተር ነው። ፋብሪካው ውስጥ ግን የማምረቻው መስመር ሲሄድ ቆሜ ማየት እችላለሁ፤ ሲቆምም ለምን እንደቆመ ለማወቅ የመጀመሪያው እሆናለሁ። ይህን ነበር የፈለግኩት።

ለእህቴ አልነገርኳትም። በዚያው ሰሞን ስፔሻሊስት ለመሆን የሚያስገባውን ፈተና አልፋ ነበርና። የምትማረውን ሙያና ሆስፒታሉን በቅደም ተከተል መርጣ በኢንተርኔት ማስገባት ነበረባት። ሙያው አላከራከረንም፤ ቀዶ ሕክምና ነው። ኢንተርን ሳለች ለመጀመሪያ ጊዜ ኦፕሬሽን ላይ አግዛ የመጣች ዕለት፣ እራት ሳትበላ፣ ጠረጴዛው ላይ በነበረው ዳቦ የት እንደተቀደደና እንዴት እንደተሰፋ አሳይታኛለች። ዳቦውን ከዚያ በኋላ ማንም አልበላውም። ስለ ሌላ ነገር እንደዚያ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።

ያከራከረን ሆስፒታሉ ነው። ሦስት ነበሩ። አንዱ አዲስ አበባ ያለ ትልቅ፣ አንደኛ ዓመቶቹ አንድ ቀን እየዘለሉ የሚያድሩበት። ሁለተኛው እዚያው አዲስ አበባ፣ በየሦስተኛው ቀን የሚያድሩበት። ሦስተኛው ጅማ፣ እሱም በየሦስተኛው ቀን። የሷ ምርጫ ሁለተኛው ነበር፤ "ለአባባም ቅርብ ነኝ፣ ተራችንም አይፈርስም" ትላለች። ጓደኞቿ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የዲዩቲ ፕሮግራም ፎቶ እያነሱ በቴሌግራም ላኩላት፤ ማታ ማታ ከእኔ ጋር ስልኩን እያሰፋን እናይ ነበር።

እኔ ደግሞ ጠየቅኩ። ዲዩቲ ስንት ሰዓት ይጀምራል? በማግስቱስ ወዲያው ይወጣሉ ወይስ ይውላሉ? ቅዳሜና እሑድ እንዴት ነው? አንዱ ቢታመም ማን ይሸፍናል?

"ኢንጂነር፣ አንተ ነህ እንዴ የምትማረው?" አለችኝ።

"ለማወቅ ነው።"

"እኔ እኮ እንደዚህ አልጨነቅሁም።"

እውነትም አልተጨነቀችም። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በየሦስት ሳምንቱ፣ ሳይቆራረጥ፣ አንድ ሳምንት ሌሊት ቤት የምትሆንበትን መንገድ። በየሦስተኛው ቀን ካደረች በወረቀቱ አይሆንም። ነገር ግን ወረቀት ወረቀት ነው ብዬ አሰብኩ። ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ያየሁትን ይዤ ነው። እዚያ የፈረቃው ወረቀት አንድ ነገር ይላል፣ ሰው ሌላ ያደርጋል። ከደቡብ የመጡት ጴንጤዎች ጥምቀትንና መስቀልን ለኦርቶዶክሶቹ ይሠሩላቸዋል፤ ኦርቶዶክሶቹ በምላሹ የእሑድ ጠዋትን ይይዙላቸዋል። ኦቦ ያውቃሉ፤ ማሽኑ አጠገብ ሰው እስካለ ድረስ አይጠይቁም። ሆስፒታልም እንደዚሁ ከሆነ፣ እህቴ ዲዩቲዎቿን እየለዋወጠች እኔ ቀን ወደምገባባቸው ሁለት ሳምንታት መግፋት ትችላለች። ያኔ ነው የምነግራት ብዬ ወሰንኩ። ተፈትቶ ያለቀ ነገር ይዤ።

"ሄደን እንጠይቅ" አልኳት።

"ፎቶው አለ አይደል?"

"ፎቶው ላይ ማን ከማን እንደሚለዋወጥ አይታይም።"

ቅዳሜ ከሰዓት ከሱሉልታ ስትመለስ አዲሱ ገበያ ጠበቅኳትና አብረን ወደ ሁለተኛው ሆስፒታል ሄድን። አብሯት የተማረ ልጅ እዚያ የቀዶ ሕክምና ሁለተኛ ዓመት ነበር። ግቢው ውስጥ ወዳለችው ሻይ ቤት መጣልን፤ አረንጓዴ የኦፕሬሽን ልብስ ለብሷል፣ እግሩ ላይ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ነው። ያዘዘውን ፉል አንገቱን ደፍቶ መብላት ጀመረ።

"ይሄ ማነው? ባልሽ ነው?"

"ወንድሜ ነው። የሚጠይቅህ አለው።"

"ጋዜጠኛ ነው?"

"ከዚያ ይብሳል።"

ዲዩቲ መለዋወጥ ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩት። ፊቱ በራ።

"ያለሱማ ማን ይኖራል! እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ስለዚህ ጥምቀትና መስቀል በርስት የተሰጡኝ ናቸው። ከተማው በሙሉ ታቦት ሊሸኝ ሲወጣ እኔ የሰው ትርፍ አንጀት አወጣለሁ። የፋሲካን ሌሊት ሙስሊሞቹ ይይዙታል። ለዒድ ደግሞ እኛ እንከፍላቸዋለን። በጣም ደስ የሚል አገር ነው።"

ልቤ ከፍ አለ። "አንድ ሰው ለምሳሌ ሰባት ሌሊት በተከታታይ ነጻ መሆን ቢፈልግስ? ሌላውን ጊዜ አብዝቶ ቢይዝ?"

እህቴ ዞራ አየችኝ። ልጁም ማኘኩን አቆመ።

"ስንተኛ ዓመት የሆነ ሰው?"

"አንደኛ።"

"አር ዋን?" ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "ወንድሜ፣ አር ዋን አይለዋወጥም። አር ዋን ይሰጠዋል። ሲኒየሩ 'ጥምቀትን ያዝልኝ' ይልሃል፤ 'አንተስ ምን ትይዝልኛለህ?' ብለህ አትጠይቅም። እኔም ዘንድሮ ነው መጠየቅ የጀመርኩት።"

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን የጀመርኩትን ሳልጨርስ መተው አልችልም።

"ዲዩቲ በሌለህ ቀንስ ስንት ሰዓት ቤትህ ትገባለህ?"

"የት ቤት?"

"ቤትህ።"

"ቤቴማ ኮተቤ ነው። አምና ብዙ ስጠፋባት አከራዬ የሆነ ነገር ሆኗል ብላ ዕቃዬን ልታወጣ ስትል ነው የደረስኩባት።" ከዚያ ወደ እህቴ ዞረ፤ መቀለዱን ትቶ። "እዚሁ ዲዩቲ ክፍል ነው የማድረው። ከኦፕሬሽን ክፍል ስትወጪ ታክሲ የለም። ጠዋት ደግሞ ሲኒየሩ ከመምጣቱ በፊት በሽተኞችሽን አይተሽ መጨረስ አለብሽ። ቡራዩ ደርሶ መመለስ? በሳምንት አንዴ ከደረስሽ ጎበዝ ነሽ።"

"ሌላኛውም ሆስፒታል እንዲሁ ነው?" አለች እህቴ።

"ወረቀቱ ይለያያል እንጂ አር ዋን ሁሉም ጋ አር ዋን ነው።"

ስልኩ ጮኸ። ፉሉን ሳይጨርስ፣ ዳቦውን በእጁ እንደያዘ፣ በዚያ ነጠላ ጫማ እየሮጠ ሄደ።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ሦስት ሆነን ተቀመጥን፤ እኔ፣ እህቴ፣ እና ጎመን የሞላበት ማዳበሪያ ጭናቸው ላይ ያደረጉ እናት። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ "ቡራዩ ኬላ! የሞላ፣ የሞላ!" ይላል፤ ገና ሁለት ሰው ይቀረዋል። አስኮ ስንደርስ እህቴ ወደ እኔ ዞረች።

"ጥሩ አደረግክ ስላመጣኸኝ" አለች። "እኔ ብቻዬን ብሆን ወረቀቱን አምኜ አዲስ አበባን አስቀድም ነበር። እዚህ ብማርም ቤት ካልገባሁ ለምን እዚህ እሆናለሁ? ጅማ መኝታው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነው ብለዋል። ዲዩቲ በሌለኝ ቀን ቢያንስ ሰው እሆናለሁ። ለአባባ እንደሆነ አዲስ አበባም ጅማም አንድ ነው።"

መስኮቱን አየሁ። መስኮቱ አይከፈትም፤ መያዣው ተነቅሎ በካርቶን ተወትፏል። ወደ ጅማ የላክኋት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ባልጠይቅ ኖሮ በወረቀቱ ላይ ያለችው እህቴ በየሦስት ቀኑ ሁለት ሌሊት ቤት ነበረች።

"ሰበታ ቋሚ ሊያደርጉኝ ነው" አልኳት።

"እንኳን ደስ ያለህ!" አለችና ወዲያው ገባት። ድምፅዋ ቀነሰ። "ፈረቃ አለው?"

"አንድ ሳምንት ሌሊት፣ በየሦስት ሳምንቱ።"

"ሰባቱ ሌሊት ያ ነው?"

"አዎ።"

"መቼ ነው የነገሩህ?"

"ከመስቀል በፊት።"

"ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል አትናገርም?"

"መጀመሪያ ፕሮግራሙን አጥርቼ ልይ ብዬ ነው።"

"አንተ ደግሞ! የተበላሸ ሳጥን ነኝ እንዴ ፈትተህ እስክትጨርስ የምትደብቀኝ?" እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ ጣቶቿን ዘረጋችና ሰበሰበቻቸው። "ስማኝ። ዲዩቲ የሌለባቸው ሙያዎች አሉ። ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚያዩ አሉ፤ ማታ ቤታቸው ይገባሉ። ቀዶ ሕክምናውን ተዪ በለኝ። ተዪ ካልከኝ እተዋለሁ፤ ወደፊትም አላነሳብህም።"

እውነቷን ነበር። ብላት ትተወው ነበር። በሕይወቴ በአንድ ቃል ብቻ የማገኘው ነገር ያን ያህል ቀርቦኝ አያውቅም። አፌን ከፈትኩ፤ የመጣልኝ ግን ኦፕሬሽኑን ያሳየችኝ ያ ዳቦ ነው።

ማዳበሪያ የያዙት እናት ሁሉንም ሲሰሙ ቆይተዋል፤ እንደማይሰሙ ለመምሰልም አልሞከሩም።

"የኔ ልጅ፣ መልስላት እንጂ" አሉኝ። "እህትህ አይደለችም?"

"አትተዪ" አልኩ።

"እሰይ! ተባረክ!" አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ምርቃታቸው ከበስተኋላዬ በር እንደዘጋብኝ ተሰማኝ። እህቴ እያለቀሰች ነበር፤ ረዳቱ ደግሞ በዚያው መሃል "ከኋላ ሒሳብ!" አለ።

ምርጫውን ያስገባችው እሑድ ነው፤ ግቢ ውስጥ፣ ኔትወርክ በሚገኝበት የውኃ ጋን አጠገብ ቆማ። አባባ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ጅማን አንደኛ አድርጋ ጻፈችና ስልኩን አሳየችኝ።

"ላስገባው?"

"አስገቢው።"

"ምንድን ነው የምታስገቡት?" አሉ አባባ። "ዕቃ መጣ?"

"አዎ አባባ፣ ዕቃ መጣ" አለቻቸው።

"ካርቶኑን ከፍታችሁ ሳታዩ እንዳትቀበሉ።"

"ከፍተን አይተናል" አልኳቸው።

ጅማ ደረሳት። የሄደች ዕለት አባባን ጉልበታቸውን ስማ "ሄጄ እመጣለሁ" አለቻቸው፤ እሳቸውም ሱሉልታ የምትሄድ መስሏቸው "ዝናብ ሳይመጣ ተመለሺ" አሏት። በአውቶቡሱ አብሬያት ሄድኩና ሰበታ ላይ ወረድኩ። መንገዱ በዚያው ነው፤ እኔም ለኦቦ መልስ መስጠት ነበረብኝ። ከመስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ፤ ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ጋረዳት።

ኦቦን ማሽኑ ሥር ተንበርክከው አገኘኋቸው።

"ሌሊት አልችልም፣ ኦቦ።"

"ሚስት አገባህ?"

"አባቴ ናቸው። ሌሊት ይነሳሉ። ሌላ ሰው የለም።"

ተነስተው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

"አባት ካለማ ምን ይባላል" አሉ። "ቀን ቀን ሲበላሽ እጠራሃለሁ። ቋሚ ግን ላደርግህ አልችልም፤ ለአንተ ብዬ ፈረቃውን ባፈርስ ሌላው ይነሳብኛል።"

"ይገባኛል" አልኩ። ገብቶኝም ነበር። ቦታው ላይ አሁን ዲፕሎማ ያለው ልጅ አለ፤ ጥሩ ልጅ ነው። ስሄድ ቁልፎቹን ያቀብለኛል፤ ሌሊት ምን እንደሆነም ይነግረኛል። መስመሩ ሌሊት ሲቆም ከዚህ ጀምሮ ነው፣ ከዚያ ጀምሮ ነው ይለኛል፤ እኔ ግን የማየው ቆሞ ካደረ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፍራሹን አላነሳሁትም። ተራ የሚባል ነገር ስለሌለ እየጠቀለሉ ማስቀመጥ ትርጉም የለውም። ጓደኞቼ አንድ ቦታ ማደር ያለበት ነገር ሲኖር አይጠሩኝም፤ ለቅሶም ቢሆን ቀን ደርሼ እመለሳለሁ። ከሰበታ ስመለስ አየር ጤና ላይ መንገዱ ከተዘጋ ቀን ከአባባ ጋር የምትውለው ሴትዮ ትደውላለች፤ "ኧረ ልምምዴ ረፈደ!" ትለኛለች፤ ከኋላዋ የአባባ ድምፅ "ሱቁን ማን ይዘጋል?" ሲል ይሰማኛል።

እህቴ አድራ በወጣች ቁጥር ትደውላለች። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ አባባ ነው፤ ስንቴ ተነሱ፣ በሉ ወይ፣ ተቆጡ ወይ። ሐኪም ለሐኪም በሽተኛ እንደሚያስረክብ ባጭሩ እነግራታለሁ። ከዚያ እሷ ትነግረኛለች። ባለፈው ትርፍ አንጀት ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ እጅ እንዳወጣች ነገረችኝ፤ ከየት እንደጀመረች፣ የቱ ጋ እንደፈራች፣ ሲኒየሩ ዝም ብሎ እንዳያት። ድምፅዋ በድካም ተሰነጣጥቋል፤ እየሳቀች ነበር። እኔም ደስ አለኝ። የእውነት ደስ አለኝ፤ ይህን መጻፍ ያለብኝ ይመስለኛል።

"ክረምት ላይ የዓመት ፈቃድ አለኝ" አለችኝ። "ያን ጊዜ ሌሊቱ ሁሉ የእኔ ነው። አንተ የፈለግክበት እደር። ንካ፣ ሂድ፣ ጥፋ፤ እንዳላይህ!"

"እሺ" አልኳት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የት እንደማድር አሰብኩ። የወርክሾፑን ልጆች ቤት አሰብኩ። ሰበታን አሰብኩ፤ እዚያ ግን ሌሊት የመግባት ፈቃድ የለኝም። ሱሉልታ ብርድ ነው፤ እሷ ከለቀቀች የማውቀው ሰውም የለም። አንድም ቦታ አልመጣልኝም። ከውስጥ አባባ "ማነው እዚያ?" አሉ፤ ገባሁ።